ገና ስላልደነደነው የባለቤቴ ጉበት

ብዕሩን የያዘችው የልጄ ሚስት ዲየፕ ናት። ከቬትናም ተድራ መጥታ እዚህ ታይዋን ፊደላችንን ለየች፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልለየሁትም። ቃሉ ግን የእኔ ነው፤ የሚያስቀይም ነገር ቢገኝበት ቅያሜዎ በእኔ ላይ ይሁን።

ለተከበሩ የጉበት መድኃኒት ፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ጉበትዎ እንደ ተነደፈ ጥጥ ለስልሶ ይክረምልኝ። እርስዎ ዘንድ ለስላሳ ጉበት ይዞ መምጣት እንደማያዋጣ ባውቅም ምኞቴ ከልብ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ መኪናዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር አልትራሳውንዱን ጭኖ ቤተ መቅደሳችን ደጅ ድረስ መጣልን። ነርሷ ባለቤቴን ኢንግታውን በጀርባዋ አስተኝታ፣ ጎኗን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ፣ ማኅተም እንደሚመታ ሰው በጎድን አጥንቶቿ መካከል አሥር ጊዜ መታ መታ አደረገቻት። ምን እያደረግሽ ነው ብላት፣ "አባባ፣ ምቱ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ጉበቱ ከደነደነ ይፈጥናል፣ ከለሰለሰ ይዘገያል። ማሽኑ ፍጥነቱን ነው የሚለካው" አለችኝ። ገባኝ። ስልሳ ዓመት በኩሬ ዓሣ ያረባሁ ሰው ነኝ፤ የዓሣ ሆድ በአውራ ጣቴ ተጭኜ ጤነኛውን ከታማሚው እለያለሁ። ስለዚህ ቅሬታዬ በማሽኑ አይደለም።

አንደኛ፦ ደንብዎ መድኃኒቱ የሚሰጠው ቁጥሩ አሥር ለሞላለት ነው ይላል። የኢንግታው ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ሆነ። "ደስ ይበላችሁ፣ ገና ነው፤ በዓመቱ ተመለሱ" ተባልን። ደስ ብሎናል። ታላቅ እህቷም ገና ነው ተብላ ደስ ብሏት ነበር፤ አሥር ሞልታ መድኃኒቱን ባገኘች በሁለተኛው ዓመት ሆዷ ውኃ ቋጥሮ ቀበርናት። እሳቱ ጣራው ላይ ካልወጣ ውኃ አላፈስም የሚል ሰው እንዲህ ያለ ወንበር ላይ መቀመጡን በማየቴ ዕድሜዬን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ይህን የጉበት ቫይረስ ለምነን አላመጣነውም። በወጣትነታችን ነጭ የለበሰ ሰው በብስክሌት እየዞረ፣ ትኩሳት ያለውንም የሌለውንም በአንድ መርፌ ሲወጋን ኖረ። ያኔ ቁጥራችሁ ስንት ሞላ ብሎ የጠየቀን አልነበረም።

ሦስተኛ፦ የጎረቤቴ የኩንሻን ነገር ነው። ወረቀታችሁ ከምርመራው በፊት እህል አይቀመስ ይላል። ዲየፕ አነበበችልን፣ ኢንግታውም ከዋዜማው ጀምራ አፏን ዘጋች። ቀኑ ግን የባሕር አምላካችን የእመቤት ማዙ ክብረ በዓል ነበር፤ ቤተ መቅደሱ ለመጣው ሁሉ ዓሣ የገባበት የሩዝ ሙቅ ያድላል፣ የእመቤታችንን ሙቅ እምቢ ማለትም በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ኩንሻን ሁለት ሳሕን ጠጥቶ ማሽኑ ሥር ተጋደመ። አሥራ አንድ ሆነለት፣ መድኃኒቱን ወሰደ። ነርሷን ብጠይቃት፣ "አባባ፣ ከምግብ በኋላ ደም ወደ ጉበት ስለሚጎርፍ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አትብሉ የምንለውም ለዚህ ነው" አለችኝ።

ኩንሻን አሁን ባገኘኝ ቁጥር፣ "አንተ ሁዎቱ፣ ሚስትህን በረሃብ ልትጨርሳት ነው እንዴ?" እያለ ይስቅብኛል። በመዳኑ አልከፋኝም። የከፋኝ ትእዛዛችሁን የጠበቀችው ቀርታ ያልጠበቀው መዳኑ ነው።

መኪናዎ በመጪው ሐሙስ ጎረቤት መንደር እንደሚቆም ሰምቼ ኢንግታውን፣ "በዚህኛው በልተሽ ግቢ" አልኋት። "አትብዪ ብለውኛል። ከበላሁ በልቻለሁ ብዬ እናገራለሁ። ዋሽቼ የማገኘውን ክኒን አልውጥም" አለችኝ። ሃምሳ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን አሸንፌያት አላውቅም።

ስለዚህ እነሆ፣ አገር እየሰማ በዚህ ደብዳቤ መብላቷን እኔ ቀድሜ ተናገርሁላት። ሐሙስ ጠዋት ሙቁን በእጄ እሠራለሁ፣ ሁለት ሳሕን ትጠጣለች፣ ከዚያ ትጋደማለች። ወይ በዘጠኝ ነጥብ ሦስቷ መድኃኒቱን ይስጧት፣ ወይ የእኔ ሙቅ የሚያወጣውን ቁጥር ይመዝግቡ።

ዲየፕ እዚህ ላይ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳች። "አባባ፣ ይህን ከላክን አውቀው ይከለክሏታል" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እኔም ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ይኸው ነው። ግን ጻፊ አልኋት። ዝም ብንልም ያው ተከልክላለች።

ቁጥርዎ መቼም አሥር ሳይሞላ፣ በርዎም እንደ እኛ ባለ ሰው ሳይንኳኳ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ፊደል ስለማላውቅ ዓሣ የሚመረምረውን አውራ ጣቴን በቀለም ነክሬ ፈርሜያለሁ።

ሆንግ ሁዎቱ፣ ዓሣ አርቢ

በተጨማሪ፦ ሐሙስ ዕለት እርስዎም ቢመጡ ክብራችን ነው። ምንም ሳይቀምሱ ይምጡና ነርሷ ጎንዎን ትለካዎት። ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ቢወጣልዎ፣ በደስታ ዓመቱን ቆጥረው ሲመለሱ ማየት እፈልጋለሁ።

ዲየፕ፣ ይበቃል። አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። ጮክ በይ፣ ኢንግታው ጓዳ ናት፤ መነገሩን በጆሮዋ ካልሰማች አትበላም።