ጠበሉን ሚዛን ላይ ያወጡት ካፒቴን አምደሚካኤል ቢተው

ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ቤታቸው እናታቸው እማሆይ ወለተ ኪዳን፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሬ፣ ወንድማቸው ቄስ ገዳሙና ልጃቸው እየሩስ ተቀምጠው ይህ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰምተዋል። ቄስ ገዳሙ የአውሮፕላኑ ነገር ለቀብር አይሆንም፣ ይውጣ ብለው ነበር። እማሆይ ግን፣ "ልጄ ራሱ ያልደበቀውን እኛ ምን ብለን እንደብቀዋለን? ይነበብ" ስላሉ እንዳለ ተቀምጧል።

ካፒቴን አምደሚካኤል ከአባታቸው ከመሪጌታ ቢተውና ከእናታቸው ከእማሆይ ወለተ ኪዳን በጎጃም፣ በዲማ፣ በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ያስተማሯቸው አባታቸው ናቸው። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ልጁ ዜማው ስለሚጠፋበት መሪጌታ ተስፋ ቆርጠው፣ ይህ ልጅ ቢበር ይሻለዋል ብለው ወደ ደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት ላኳቸው። ከዚያም የአብራሪነት ትምህርት ተምረው በልዩ ልዩ የበረራ ድርጅቶች አገልግለዋል። በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማሬ ጋር በተክሊል ተጋብተው እየሩስንና ይታያልን ወልደዋል።

በ1997 ዓ.ም. ከአንድ ቆላ ገዳም ንግሥ የሚመለሱ ሃምሳ ተሳላሚዎችን ሊያሳፍሩ ሄዱ። እናታቸውም ከተሳላሚዎቹ ጋር ነበሩ። የሰዉ ሻንጣ ሁሉ ተመዘነ። ተራው የጠበሉ ሲሆን ግን ካፒቴኑ፣ ጠበል እንደ በርበሬ ሚዛን ላይ አይወጣም ብለው የእናታቸውን ሁለት ጀሪካን በእጃቸው አንሥተው ጫኑ። የጭነት ተቆጣጣሪው አቶ ፍቅረ ሥላሴም ይህን አይተው የሌላውን ሰው ጀሪካን ሁሉ ሳይመዝኑ አሳለፉ። ሁሉም ሁለት ሁለት ይዞ ነበር።

አውሮፕላን ዘግይቶ ተነሣ ሲባል ሁልጊዜ የሰዓት ነገር አይደለም። መንደርደሪያውን ሊጨርስ ሲል መነሣቱም መዘግየት ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸኛው ነው። አብራሪው የሞተሩን ጉልበትና የሚነሣበትን ፍጥነት የሚወስነው በተነገረው ክብደት ነው። የተነገረው ከእውነተኛው ካነሰ የሚሰጠው ጉልበትም ያንሳል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ክንፉ ጭነቱን መሸከም ይከብደዋል። ያን ቀን ሁሉም ተገናኙ። ካፒቴኑ አፍንጫውን ቀና ቢያደርጉት አውሮፕላኑ እምቢ አለ። እንዳይቆሙ መንደርደሪያው አልቋል፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ለሞተሮቹ የቀረውን ጉልበት ሁሉ ሰጡ። ጎማው ጫፉ ላይ መሬቱን ለቀቀ። ተሳላሚዎቹ ሁልጊዜም እንዲህ የሚነሣ መስሏቸው እልል አሉ።

ነገሩ ሲጣራ ድርጅቱ አቶ ፍቅረ ሥላሴን ሊያሰናብት ነበር። ካፒቴኑ የአብራሪነት ፈቃዳቸውን ሊያሳጣቸው እንደሚችል እያወቁ ገብተው፣ "መጀመሪያ ያሳለፍሁት እኔ ነኝ፤ እሱ እኔን አይቶ ነው" አሉ። ለስድስት ወር ከበረራ ታገዱ። አቶ ፍቅረ ሥላሴ ሥራቸው ላይ ቆዩ፤ ዛሬም ከለቀስተኛው መካከል አሉ።

በዓመቱ ያው ንግሥ ደረሰ። ካፒቴኑ ጠበሉ ሁሉ ይመዘን ሲሉ ሰዉ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ፣ የመሪጌታ ልጅ ሆነህ ሃይማኖትህን የት ጣልኸው ብለው ገሠጿቸው። ጠበሌ ከሚመዘን በእግሬ እሄዳለሁ ያለም ነበር። ካፒቴኑ ሳይመዘን አልበርም ብለው ቆሙ። ይህን ጊዜ እናታቸው ጀሪካናቸውን እንዳቀፉ ሚዛኑ ላይ ወጡና፣ "ነውር ከሆነ እኔንም ከነጠበሉ መዝነኝ። ጾም ላይ ስለ ከረምሁ ብዙም አልከብድህም" አሉ። ሽማግሌው ሳይቀሩ ሳቁ፤ ሰዉም ተሰለፈ። ከፊሉ ጀሪካን በመኪና እንዲከተል ተደርጎ አውሮፕላኑ ገና ብዙ መንደርደሪያ ሳለው ተነሣ።

ካፒቴን አምደሚካኤል በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ደብረ ማርቆስ ገቡ። ንብ እያነቡ፣ ዕድርተኛውን እያሳቁ በደስታ ኖሩ። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ወንድማቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። በብዙ ሰማይ በሰላም ያሳለፋቸው አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእናታቸውም ብርታቱን ይስጥልን።

እማሆይ ወለተ ኪዳን ትናንት ከዲማ ሲመጡ አንድ ጀሪካን ጠበል ይዘው ነበር። ሾፌሩ ለመኪና ግድ የለም ቢላቸው ሳይመዘን አልሳፈርም አሉ። ሾፌሩ ከእህል ነጋዴ ሚዛን ተውሶ መዘነው። ከዚያ ተነሡ።