ታምቡዋውን ይዘው የተመለሱት፦ የሰባኪ ኤሮኒ ራሲጋ የሕይወት ታሪክ

ሰባኪ ኤሮኒ ራሲጋ ከአባታቸው ከአቶ ቪሊያሜ ራሲጋና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሴናካ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የዝናቡ ወራት ሊወጣ ሲል፣ በቪቲ ሌቩ ደሴት ተራሮች መካከል እዚሁ በናቱሩቫ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ከጥንት ጀምሮ ለመንደሩ መሥዋዕት ሲያቀርብ ከኖረው የካህናት ጎሣ ነበሩ። ከተጠመቁም በኋላ ዘር አይረሳምና፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን በካህኑ በአሮን ስም ኤሮኒ ብለው ጠሯቸው። እናታቸው ግን የዓሣ አጥማጆች ልጅ ነበሩ። "ከአባትህ ጸሎቱን፣ ከእኔ ዝምታውን ያዝ፤ የሚለፈልፍ ዓሣ አጥማጅ ራት አይበላም" እያሉ አሳደጓቸው። ጸሎቱን ይዘዋል። ስለ ዝምታው ግን እሑድ እሑድ ስብከታቸው እስኪያልቅ ጎደሬያችሁ ምድጃ ላይ ያረረባችሁ ሁሉ ትመሰክራላችሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከወንዙ ማዶ በነበረው የሚስዮን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1962 ባሕር ዳርቻ ወዳለው የሰባክያን ማሠልጠኛ ሄደው ሁለት ዓመት ከተማሩ በኋላ ወደ ናቱሩቫ ተመለሱ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ እግራቸው እስኪከዳቸው ድረስ ጎደሬያቸውን እየተከሉ፣ ዳገቱን በፈረስ እየወጡ፣ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ያለ ደመወዝ አገልግለዋል። በ1966 ከወይዘሮ ሊቲያ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳሰሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆቻቸው ገና ጡት ሳይተዉ አረፉ። ከእነርሱ በኋላ ጆፔን፣ ይህን የምጽፈውን እኔን ኡናይሲን፣ እና ኢሳያን ወለዱ።

ሸክማቸውን ሳይናገሩ የእሳቸውን ሕይወት መናገር አይቻልም። ሽማግሌዎችም አትደብቂው ብለውኛል።

በቅድመ አያቶቻችን ዘመን ከባሕር ዳርቻው መንደር ከዋይቶጋ ማኖአ የሚባል የወንጌል መምህር ወደዚህ መጥቶ ነበር። የእኛ ሰዎች ገደሉት። ልጆቻቸው ከተጠመቁ በኋላ ታምቡዋ፣ ያንን በገመድ የሚንጠለጠል የዓሣ ነባሪ ጥርስ፣ ይዘው ወደ ዋይቶጋ ወረዱ፤ ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ይቅርታ ለመኑ። የማኖአ ልጅ ጥርሱን ተቀበለ፣ ሁሉም እጁን ጎድጎድ አድርጎ አጨበጨበ፣ ያንጎና የሚባለው ከሥር የሚጨመቅ የወግ መጠጥ ተጠጣ። በወጋችን እንዲህ ከሆነ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ለዋይቶጋ አለቀ። ለእኛ አላለቀም። ወንዙ እርሻ በጠረገ ቁጥር፣ አውሎ ነፋስ ጣሪያ በገነጠለ ቁጥር፣ ሕፃን በሞተ ቁጥር "የማኖአ ደም ነው" ይባልና ሌላ ታምቡዋ ተፈልጎ እንደገና ወደ ባሕር ይወረዳል። የቀረበን ጥርስ አልቀበልም ማለት ነውር ስለሆነ እነሱም ሁልጊዜ ይቀበላሉ። ጥርሱን መሸከም የካህናቱ ጎሣ ሥራ ነበርና አያታችን አቶ ቪሊያሜ ሲያርፉ ሸክሙ በአባታችን ትከሻ ላይ ወደቀ። ሁለቱን ሕፃናት በቀበሩ ማግሥት፣ አንድም ቀን ሳያርፉ፣ ሁለቱንም ጊዜ ወርደዋል።

የሚያሳዝነው፣ በመድረክ ላይ የሚያስተምሩት የዚህን ተቃራኒ ነበር። ክርስቶስ ሊቀ ካህናችን አንድ ጊዜ ራሱን መሥዋዕት አድርጎ አቅርቧል፤ ሁለተኛ አያስፈልግም። ከካህን ዘር እንኳ አልተወለደም፤ ነገዱ ይሁዳ ነው። በአዲሱ ኪዳን እግዚአብሔር በደላችሁን ዳግመኛ አላስብም ብሏል። ይህን ሲያስተምሩ ድምፃቸው እስከ ወንዙ ይሰማ ነበር። እናታችን ወይዘሮ ሊቲያ ግን ከጆሯቸው ይልቅ ዓይናቸውን የሚያምኑ ሰው ነበሩ።

"እሑድ አለቀ ትላለህ፤ ሰኞ ደግሞ የመንገድ ጫማህን ትፈልጋለህ" አሏቸው አንድ ቀን። "የትኛውን ልመን ኤሮኒ? አፍህን ነው እግርህን?"

አባታችን ጫማቸውን አሰሩ።

በ1978 ከከባድ አውሎ ነፋስ በኋላ እንደ ልማዱ ታምቡዋ ይዘው ወረዱ። በዋይቶጋ የተቀበሏቸው የማኖአ የልጅ ልጅ እማማ ቪካ ነበሩ። ያኔ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ ምላሳቸው ግን ገና አላረጀም። በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ አቀረቡና እስኪበሉ ጠበቁ። ከዚያ የቤታቸውን ማገር በጣታቸው አሳዩአቸው። ከናቱሩቫ የመጡት ጥርሶች በተርታ ተንጠልጥለዋል።

"ልጄ" አሉ፣ "አባቴ የመጀመሪያውን ተቀብሎ ሲያጨበጭብ እኔ ጭኑ ላይ ነበርኩ። የውሸቱን ነው እንዴ ያጨበጨበው?"

"ኧረ በፍጹም፣ እማማ።"

"ታዲያ ምን ጎደለው? የእኛ ይቅርታ ጎደሬ ነው፣ በየዓመቱ ካልተተከለ የሚያልቅ? እናንተ በመጣችሁ ቁጥር እኮ ማኖአን እንደ አዲስ ነው የምቀብረው። ጥርሱን ዘርጋልኝና እቀበልሃለሁ፤ አልቀበልም ብልህ ነውር ነው። ግን ዛሬ ከተቀበልኩህ አባቴን ውሸታም አደረግሁት።"

አባታችን ታምቡዋውን ወደ ከረጢታቸው መለሱት። በናቱሩቫ ታሪክ እንዲህ ያደረገ ሰው አልነበረም።

ሲመለሱ መንደሩ ምን እንደሆነ ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። ጥርሱ ተመልሶ ሲመጣ ያየ ሁሉ አልተቀበሉንም ብሎ አለቀሰ። የመንደሩ አፈ ጉባኤና የአባታችን የአክስት ልጅ ጋሽ ሳኪዩሳ በቤታችን በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

"አንተ ሰው፣ ጨርሰህ አበድክ? ይዘኸው ትመጣለህ?"

"ድሮ ተቀብለውናል፣ ሳኪዩሳ።"

"ድሮማ ድሮ ነው! ነገ ደግሞ አውሎ ነፋስ ቢመጣስ?"

"ቢመጣ ጣሪያ እንሠራለን።"

ጋሽ ሳኪዩሳ ዛሬ እዚህ ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል፤ ይህንንም ጻፊው ያሉኝ እሳቸው ናቸው። በወጋችን የአክስት ልጆች ሲገናኙ ይቀላለዳሉ፤ ያን ቀን ግን አባታችንን በሳቅ ሳይሆን በንዴት ነበር የተቀበሏቸው። አባታችን ታምቡዋውን ቤታቸው ውስጥ ምሰሶ ላይ ሰቀሉት።

በዓመቱ እኔ በጽኑ ትኩሳት ተያዝኩ፤ ማጅራቴ ተገተረ። "አሁንስ አትወርድም?" ተባሉ። ወረዱ፤ ግን ወደ ዋይቶጋ አልነበረም። እኔን ፈረስ ላይ አቅፈው፣ ወንዙ ሞልቶ ነበርና በቀርከሃ ታንኳ ተሻግረው ሆስፒታል አደረሱኝ። በመንገድ ሁሉ ፈርተው እንደነበር ኋላ ነግረውኛል። ወንዙን አልነበረም የፈሩት። "ልጄ ብትሞት መንደሩ ምን ይላል? ከዚያም አልፎ እኔ ራሴ ምን እላለሁ?" ብለው ነበር። ዳንኩ። የቀኝ ጆሮዬ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። መንደሩ ለጊዜው ዝም አለ።

ከባዱ የመጣው በ1983 ነው። ወንድማችን ጆፔ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከአትክልት ቦታ ሲመለስ ደራሽ ውሃ ወሰደው። ከሬሳው ጋር ወደ ቤታችን የገባው ያው የድሮው ቃል ነበር። ጋሽ ሳኪዩሳ እያለቀሱ፣ ጆፔን እንደ ልጃቸው ይወዱት ነበርና፣ "ወንድሜ፣ በቃ፣ አውርደው" አሏቸው። አባታችን ተነሡ። ታምቡዋውን ከምሰሶው አወረዱት። በእውነት ሊሄዱ ነበር።

እናታችን ከሬሳው አጠገብ ቀና አሉ።

"ኤሮኒ፣ ልጄን የወሰደው ወንዝ ነው። አንተ ያንን ይዘህ ከወረድክ ማኖአ ወሰደው ማለትህ ነው። ይቅር ያለ ሰው ልጅ አይገድልም። እግዚአብሔርም አይገድልም። ተወው። ና፣ አብረን እናልቅስ።"

አባታችን ጥርሱን መልሰው ሰቀሉና ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ አለቀሱ። ከሁለቱ ሕፃናት ጀምሮ ለልጃቸው እንደ ጥርስ ተሸካሚ ሳይሆን እንደ አባት ብቻ ሲያለቅሱ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

በቀጣዩ እሑድ መድረክ ላይ ወጡ። የቀድሞው ዘመን ካህን ቀን በቀን ይቆም እንደነበር፣ የሚቆመውም ሥራው ስለማያልቅ እንደሆነ ተናገሩ። "የእኛ ሊቀ ካህናት ግን ሥራውን ጨርሶ በአባቱ ቀኝ ተቀመጠ። እሱ ከተቀመጠ እኔ ለምን እቆማለሁ? ደክሞኛል፣ ወገኖቼ" አሉና ከመድረኩ ወርደው በሕዝቡ መካከል ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ስብከታቸው ያን ያህል አጭር ሆኖ አያውቅም። ብዙ ሳንቆይ ከወንዶቹ ወገን አንድ ሰው ተነሥቶ መጥቶ ከጎናቸው ተቀመጠ፤ ጋሽ ሳኪዩሳ ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ከናቱሩቫ ስለ ማኖአ ደም ወደ ዋይቶጋ የወረደ ጥርስ የለም። አውሎ ነፋስ መጥቷል፤ ጣሪያ ሠርተናል።

ያ የተሰቀለው ታምቡዋ ግን ወርዷል። በ1996 ታናሽ ወንድማችን ኢሳያ የዋይቶጋ ልጅ ወደደ፤ ሳሎቴ ትባላለች፣ የእማማ ቪካ የልጅ ልጅ ልጅ ናት። አባታችን ያንኑ ጥርስ ከምሰሶው አንሥተው ለልመና ሄዱ። እማማ ቪካ ዘጠና አልፈው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ጥርሱን ሲዳስሱ ጮኹ።

"ኤሮኒ! አሁንም?"

"አይ እማማ፣ ዛሬስ ሙሽራ ልንለምን ነው የመጣነው።"

"ታዲያ ከበሩ ላይ አትናገርም? ልትገድለኝ ነው እንዴ!" አሉና ከሁሉም በላይ ጮክ አድርገው አጨበጨቡ። አባታችን ያን ቀን የሳቁትን ሳቅ በሕይወቴ ሌላ ጊዜ አልሰማሁትም። በአንድ ጆሮዬም ቢሆን ይበቃኛል።

ወይዘሮ ሊቲያ በ2011 ቀደሟቸው። ሰባኪ ኤሮኒን በ2018 ግማሽ አካላቸው ከዳቸው። ሕመሙ ሲጸና ጋሽ ሳኪዩሳ አልጋቸው አጠገብ እየተቀመጡ እንደ አክስት ልጅ ወግ ሲያሾፉባቸው ከረሙ። "አንተ፣ ያችን ጥርስ ለምራትህ ሰጥተሃታል፤ አሁን ምን ይዘህ ልትቀርብ ነው?" አሏቸው አንድ ከሰዓት። አባታችን አፋቸው ባንድ ወገን ብቻ እየታዘዘላቸው፣ ቀስ ብለው፣ "ባዶ እጄን" አሉ። "ተቀብሎኛል እኮ።" ምንም አልፈሩም ነበር። ይህን የምለው ላጽናናችሁ ብዬ ሳይሆን እጃቸውን ይዤ ስለነበርኩ ነው።

በመጋቢት 14 ቀን 2019 ማለዳ፣ ደግፈን አስቀምጠናቸው፣ ተቀምጠው እንዳሉ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ከኋላቸው ልጆቻቸው ኡናይሲና ኢሳያ፣ ምራታቸው ሳሎቴ፣ የአክስታቸው ልጅ ሳኪዩሳ፣ እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆች ቀርተዋል። ከነሱ ታላቁ የኢሳያና የሳሎቴ ልጅ ነው፤ ገዳዮቹም ሟቹም ቅድመ አያቶቹ ናቸው፤ ስሙ ማኖአ ነው።

ትናንት የዋይቶጋ ሰዎች ለለቅሶ መጡ። እንደ ለቅሶ ወጋችን ታምቡዋ ይዘው ነበር። ጋሽ ሳኪዩሳ ጥርሱን ሲያዩ፣ ልማድ አይለቅምና፣ "ይቅርታችሁን…" ብለው ጀመሩ። የዋይቶጋው አዛውንት አቋረጧቸው፦ "ይቅርታ ስለ ምን፣ ወንድሜ? እኛ የመጣነው ልናለቅስ ነው። የሞተው የእኛም አባት ነው።" ገብተው ከእኛ ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ አሁንም እዚያው ተቀምጠዋል።

አንድ ጊዜ ገብቶ ሥራውን የፈጸመው ሊቀ ካህናት አባታችንን በእሱ ዕረፍት ያስቀምጣቸው፤ ለእኛም እንዲሁ።