ወተት የማያጥበው ቀለም

ይመርዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን ገባ። እዚህ ስደት አገር፣ ባሕሪ ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ወንድምህ ሰይድ ከወሎ መጥቶ ሳሎን ውስጥ ይተኛል። ይሄስ ባልከፋ። የከፋው፣ አንተ መኪና ትቀባበት የነበረው ጋራዥ፣ ወርሻው ገብቶ ያንተኑ የቀለም መርጫ መያዙ ነው።

ልክ እንዳንተ ያናድደኛል። አፍንጫው ላይ ምንም ሳያስር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቀለም ሲረጭ ይውላል። ሲጨርስ ደግሞ እጁን እስከ ክርኑ በቤንዚን ይታጠባል። ስናገረው፣ ባለወርሻው ከሥራ በኋላ ወተት ያጠጣናል፣ መርዙን ጠርጎ ያወጣዋል ይለኛል። አንተም ይህንኑ ነበር የምትለኝ።

ትዝ ይልሃል፣ አንዳንድ ቀን ድርሻህን ሳትጠጣ በፌስታል ቋጥረህ ታመጣልኝ ነበር። ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ውዬ ደክሞኝ ስገባ፣ አንቺ ጠጪው ትለኛለህ። እኔ መድኃኒትህን የቀማሁህ እየመሰለኝ እቆጣለሁ። ስንት ዓመት በወተት ተጣላን። በቀለሙ ግን አንድ ቀን አልተጣላንም።

አንገትህ ላይ ንፍፊት ሲወጣ ብርድ ነው አልን። ሐኪሙ ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው ሲለን፣ ከቀለሙ ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቲነርና ቤንዚን ለዓመታት መተንፈስ ለዚህ በሽታ ሳያጋልጥ አይቀርም፣ የሱ ግን ከዚያ መጣ ብሎ መማል አይቻልም አለኝ። ወተቱም የተነፈስከውን እንደማያጥብ ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ወላሂ አንጀቴ አረረ። ማንን ልያዝ? ባለወርሻው ዘንድ ሄጄ ብናገር፣ ማዕሌሽ፣ አይዞሽ፣ የአላህ ሥራ ነው ብሎ ሻይ አዘዘልኝ። የአላህ ሥራ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። መስኮት መክፈት ግን የሱ ሥራ ነበር።

ለሰይድ የፊት መሸፈኛ ገዝቼ ብሰጠው ይሞቃል ብሎ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ያንን ወርሻ እስኪለቅ ድረስ ጠዋት ማታ እጨቀጭቀዋለሁ። ጎረቤት ነገረኛ ካለችኝ ትበለኝ። አንተን የማስብህ እንዲህ ነው፤ ቁጭ ብዬ በማልቀስ ብቻ አይደለም። ለእናትህ የአንዱን ልጇን መርዶ ልኬባታለሁ። የሁለተኛውን አልልክም።

ባለቤትህ ዘሀራ