ናፍጣ የሚበላው ጥንስስ

የካቲት 8፣ ቅዳሜ
ሱሉልታ ሄድኩ። ሚኒባሱ ሙሉ፣ ተጣብቄ ነው የደረስኩት። ባለፈው ክረምት ቦቴ የተገለበጠበት የኦቦ ሊቤ የሣር መሬት አሁንም ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ላሞቹ አጠገቡም አይደርሱ። በርሜሉን አዘጋጀሁ፤ እበት፣ ሞላሰስ፣ ከላብራቶሪ ያመጣሁት ባክቴሪያ።
"ባክቴሪያው እንደ ጠላ ጥንስስ ነው፤ ሕይወት አለው። ናፍጣውን ይበላልዎታል" አልኳቸው።
"ሰካራሞች ናቸው በይኛ!" ብለው ሳቁ።
እስከ ሰኔ ካልጸዳ መሬቱ ለመኪና ማቆሚያ ሊሰጥ እንደሆነ ወረዳው ነግሯቸዋል። "ይደርሳል?" ሲሉኝ "ይደርሳል" አልኩ። ምን ነካኝ?

መጋቢት 20
የአፈሩ ምርመራ ውጤት ወጣ። ናፍጣው ንቅንቅ አላለም። በየቅዳሜው ከበርሜሉ እየቀዳሁ ረጨሁ እኮ! ብርዱ ይሆን? ወይስ እኔው አልችልበትም?

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ
ነገ ስለማይመቸኝ ዛሬ ሄድኩ። የኦቦ ሊቤ ባለቤት አዴ ኤቢሴ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብለዋል። በእጃቸው በረኪና!
"ምን እያደረጉ ነው?"
"ዓርብ ዓርብ ትንሽ ጠብ አደርግበታለሁ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ለሊቤ ባክቴሪያ አለበት ስትይው ሰምቻለሁ። እጅሽን እየነከርሽበት... ብትታመሚስ?"
ወተት ሻጭ ናቸው። ያስተማሯቸው ይሄንኑ ነው፤ ባክቴሪያ በበረኪና ይገደላል። እኔስ ለባላቸው ሳስረዳ ለእሳቸው ምን ነገርኳቸው? ምንም!
ፊቴን አይተው ገባቸው። "ለሊቤ እንዳትነግሪብኝ። የአባቱ መሬት ነው። አይምረኝም።"
እሺ አልኩ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ግንቦት 9
እንደገና ጀመርኩ። የቀረው ሦስት ሳምንት... አይሆንም። አውቀዋለሁ።
ባክቴሪያዎቹ እንደሞቱ ስነግራቸው ኦቦ ሊቤ "ምን ገደላቸው?" አሉኝ።
"ብርዱ።"
"ሱሉልታ ብርድ መሆኑን ዛሬ ነው የሰማሽው?"


ሰኔ 3
መሬቱ ተለካ። ችካል ተተከለ።
ኦቦ ሊቤ ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት ጮኹብኝ። "አፈሩን ዝቄ በሌላ ልተካ ስል ይቺ ናት ያዘናጋችኝ! ይቺ ናት መሬቴን ያስበላችኝ!"
አዴ ኤቢሴን አየኋቸው። ይናገሩ ይሆን?
ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው "አዎ፣ እሷ ናት" አሉ። ቀና ብለው አላዩኝም።
የበረኪናው ነገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር... ዋጥኩት። ብናገር መሬቱ አይመለስም። እኔ ሚኒባስ ይዤ እሄዳለሁ፤ አዴ ኤቢሴ ግን ማታ ባላቸው ያሉበት ቤት ነው የሚገቡት።