ከውስጥ የሚከፈት በር

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለን፤ ያስቸገረን ያንተ ናፍቆት ብቻ ነው።

የቤቱ ጥበቃ ነገር ከምን ደረሰ ብለህ ነበር። ባለፈው ሳምንት የካሜራ ገጣሚው መጥቶ ግቢውን ዞሮ አየና ለአጥሩ አራት ካሜራ፣ ለየመስኮቱ ደወል አቀደ። አባባ የቁልፍ ሠሪነት አመላቸው ተነሣባቸውና እግር በእግር እየተከተሉ፣ "ይኼ ጓጉንቸር ነው መጫወቻ?" እያሉ አሳቁት። ለበሩ ያመጣውን አዲስ ጓጉንቸርም በሽቦ ቁራጭ ከፈቱበት። እጃቸው ምንም አልረሳም።

እኔ ግን፣ "ካሜራው ይቅርና፣ በሩ ከውስጥ ሲከፈት ስልኬ ላይ የሚጮኽ ነገር የለህም?" አልኩት።

"እህቴ፣ ሌባ እኮ ከውጭ ነው የሚመጣው" አለኝ።

"ግድ የለህም፣ ግጠምልኝ።"

አባባን አየት አደረገና ሌላ ሳይጠይቅ መሰርሰሪያውን አነሣ።

አሁን ስፌት ቤት ተቀምጬም ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነው። ትናንት ሲጮኽ ደንበኛዬን በአንድ እጅጌ ትቻት ሮጥኩ። አባባ ካፖርታቸውን ደርበው አስፋልቱን ተሻግረዋል። ከሸጡት ሃያ ዓመት ያለፈውን ሱቃቸውን ሊከፍቱ ነው።

"ረፈደብኝ እኮ!" አሉኝ።

"ዛሬ እረፍት ነው አባባ" ብዬ ክንዳቸውን ይዤ መለስኳቸው። ይኼን ያህል የሚያሳስብ አይደለም፤ እርጅና ነው።

እመጣለሁ ማለትህ ደስ ብሎኛል፤ ቶሎ ብትመጣ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ብቻ እንደ ልማድህ ዘው ብለህ እንዳታቅፋቸው። በር ላይ ቆመህ ጥራኝ፤ ማን እንደመጣ አስቀድሜ ልንገራቸው።

በሰላም ያገናኘን።

እህትህ