በተማሪ ቤት የማይበሉት አስጠኚ፦ የመምህር ኮርኔሊየስ ዶጂ አሜኑቮር የሕይወት ታሪክ

መምህር ኮርኔሊየስ ዶጂ አሜኑቮር ከአባታቸው ከአቶ ጌርሾን አሜኑቮርና ከእናታቸው ከወይዘሮ አብላ ዞኮቶ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1949 በኬታ ከተማ ተወለዱ። የተወለዱበትን ቤት ማየት የሚፈልግ ካለ፣ ባሕሩ የብሱን እየበላ ስለመጣ አሁን ባሕሩ ውስጥ ነው። ግድግዳው ሲወድቅ አባታችን "ጎረቤቴ አሸዋ እየዛቀ ነው ያፈረሰብኝ" ብለው እስኪሞቱ ድረስ ሲጠረጥሩ ኖረዋል። ይህን ያነሣሁት ጥርጣሬ ለቤታችን እንግዳ እንዳልሆነ ከወዲሁ እንድታውቁልኝ ነው። ጽሑፉን የማቀርበው እኔ ታናሽ እህታቸው ፔርፔቱዋ ነኝ። እኔን በሚመለከት "ጨው እንኳ ሳትቀምስ አትገዛም" እንደምትሉ ሰምቻለሁ፤ እውነታችሁን ነው። ዛሬ የምለውንም ሁሉ ቀምሼ ነው የምለው።

ቤቱ ከፈረሰ በኋላ አባታችን ልጆቻቸውን ለዘመድ አከፋፈሉ። ወንድሜ በሆሆዌ ከተማ ይኖሩ ወደነበሩት አጎታችን ተላኩና የመጀመሪያና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ጨረሱ። አጎታችን ለልጆቻቸው ቤት ድረስ የሚመጣ አስጠኚ ቀጥረው ስለነበር ወንድሜም ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጠው እንዲሰሙ ተፈቀደላቸው። በዚያ ቤት ያዩትን ግን ለብዙ ዓመታት ለማንም አልተነፈሱም። ጠየቅኋቸው፣ አልነገሩኝም። ጠይቄ ያላገኘሁት ነገር ደግሞ ዕረፍት ይነሳኛል።

በ1967 ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ፤ ሳይጨርሱም ወጡ። በኋላ በሰው ቤት እየዞሩ ማስጠናት ሲጀምሩ ይህች ነገር እንደ ጥላ ተከተለቻቸው። ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ምን ያስተምራል ተባለ። በሴት ጉዳይ ተባረሩ ያለ ነበር፣ ሰርቀው ነው ያለም ነበር። እኔ ማሠልጠኛው ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ማንም አላባረራቸውም። አባታችን ሞቱ፣ የእኔን የትምህርት ወጪ የሚችል ጠፋ፣ እሳቸው ትምህርታቸውን ትተው በጉምሩክ መጋዘን ተቀጠሩ። እኔ ዛሬ ይህን ወረቀት ማንበብ የቻልኩት እሳቸው የራሳቸውን ስላልጨረሱ ነው። ሳስበው እስከ አሁን ያስለቅሰኛል።

ከ1974 ጀምሮ በኬታና በአንሎጋ ቤት ለቤት እየሄዱ ልጆችን አስጠኑ። የማስጠናት ስልታቸው ደግሞ ራሱ ሌላ ጥርጣሬ አመጣባቸው። እንደ ሌሎቹ አስጠኚዎች ጥቁር ሰሌዳ አያንጠለጥሉም፣ አርጩሜ አይዙም፣ በቃል አያስወጡም። ከልጁ ጎን ዝቅ ብለው ይቀመጡና "እኔ አልገባኝም፤ እስቲ አስረዳኝ" ይላሉ። ልጁ ሲያስረዳ የሞኝ ጥያቄ ይጠይቁታል። ልጁ ይናደዳል፣ ያልበዋል፣ ብርቱካን ቆርጦ ያሳያቸዋል። እሳቸው አሁንም አልገባኝም ይላሉ። ልጁ እሳቸውን ለማስረዳት ሲል የማያውቀውን ከመጽሐፉ ፈልጎ ያመጣል።

ነፍሳቸውን ይማርና የዓሣ መረብ ባለቤቱ አቶ ዲዮኒሲየስ ልጃቸው ሲያጠና መስኮት ሥር ቁጭ ብለው የሚሰልሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ወንድሜ ልጁን "ግማሽን በግማሽ ስናባዛው እንዴት ያንሳል? አልገባኝም" ሲሉት ሰሙና ዘለው ገቡ።

"ስማኝ አንተ ሰውዬ፣ ከፋዩ እኔ፣ አስተማሪው ልጄ፣ ተማሪው አንተ! ይሄ የየት አገር አሠራር ነው?"

"ልክ ነዎት" አሏቸው ወንድሜ። "እስኪገባኝ ድረስ ይታገሡኝ።"

"መቼ ነው የሚገባህ?"

"ልጅዎ ሲገባው።"

ልጁ ፈተናውን አለፈ፤ ዛሬ መሐንዲስ ነው፣ እዚሁ መሐላችን ተቀምጧል። የከተማው ሰው ግን አላረፈም። የወንድሜ ተማሪዎች ሲወድቁ "አስጠኚው ባዶ ነው" ይባል ነበር፤ ሲያልፉ ደግሞ "ፈተናውን ከየት አገኘው?" ይባል ጀመር። በአገራችን አስጠኚ ሆኖ ሳይታማ የሞተ ሰው ካለ እኔ አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የአስጠኚ ወጉ ይታወቃል፤ ጥናቱ ሲያበቃ የቤቱ እመቤት ሳህን ታቀርባለች፣ አስጠኚውም በልቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ወንድሜ ግን ውሃ ብቻ ጠጥተው ይነሡ ነበር። የበቆሎ ገንፎው አክፕሌ ከነወጡ ቢቀርብላቸው፣ ከሐይቁ የተያዘ ዓሣ ተጠብሶ ቢቀርብላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "በልቼ ነው የመጣሁት።" እኛ ዘንድ የሰው ምግብ አልነካም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሌሎቹ እመቤቶች ቅር ብሏቸው ዝም አሉ። አንዲት እመቤትን ግን ዝም ማለታቸው አላዳናቸውም።

ወይዘሮ አክፔኔ በአንሎጋ ገበያ መንገድ ዳር ኬንኬ፣ በቅጠል ጠቅልለው የቀቀሉትን የበቆሎ ሊጥ፣ ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ይሸጡ ነበር። የመጀመሪያ ባላቸው አንድ ምሽት እራት በልተው ሆዳቸውን አሟቸው ሞቱ። የሟቹ ዘመዶች ሴትየዋን በክፉ ዓይን ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል። ከ1983ቱ ረሃብ ማግሥት ወንድሜ የእኚህን ሴት ልጅ ኤቶርናምን ማስጠናት ጀመሩ። እንደ ልማዳቸው እዚያም ቤት አልበሉም። ገበያው ውስጥ የተባለውን ራሴ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

"የገዛ ልጇ አስጠኚ እንኳ ከእጇ አይቀምስም።"

"ተማረ አይደል እንዴ፣ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው።"

"እኔማ ልጆቼን በዚያ በኩል አትለፉ ብያቸዋለሁ።"

ወይዘሮ አክፔኔ ጠዋት ተሸክመው የወጡትን ኬንኬ ማታ ተሸክመው ይመለሱ ጀመር። ያልተሸጠው ለአሳማ ሄደ። ኤቶርናም ከትምህርት ቤት ልትወጣ ቀናት ቀሯት። ወንድሜ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቁም ነበር። ሐሜት ሁሉም ቤት ሲገባ የሚመለከተውን ሰው ቤት ብቻ ያልፋል።

የሚቀጥለውን የነገረችኝ ኤቶርናም ናት። እናቷን ለብቻቸው ጠይቄ፣ ወንድሜንም ለብቻቸው ጠይቄ አመሳክሬዋለሁ፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። ልጅቷ አንድ ከሰዓት በኋላ መጽሐፏን ዘጋችና፣ በአክብሮት ኤፎ ብላ ጠርታ፣ ወንድሜን በራሳቸው መንገድ ያዘቻቸው።

"ኤፎ መምህር፣ እኔ አልገባኝም። የእናቴን ምግብ ለምን አይበሉም?"

"በልቼ መጥቼ ነው ልጄ።"

"ይሄም አልገባኝም። ወደ እኛ የመጡት ከአቶ ዲዮኒሲየስ ቤት ነው። እዚያም አይበሉም። ታዲያ የት በሉ? ያስረዱኝ።"

 ወንድሜ ከእኔ ሲደብቁ የኖሩትን ለዚህች ልጅ ነገሯት። ሆሆዌ አጎታችን ቤት አስጠኚው ሲመጣ የአጎታችን ባለቤት ሳህኑን የሚሞሉት ከወንድሜ ድርሻ ቀንሰው ነበር። የቤቱ ልጆች ዓሣ አይነካም። አስጠኚው ይበላል፣ ያስተምራል፤ ወንድሜ ደግሞ ከጠረጴዛው ጫፍ ሆነው ዓሣቸው በሰው አፍ ሲገባ ያያሉ። "የዚያን ዓመት ሂሳብ አንዱም አልገባኝም" አሏት። "ገባህ ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም። አስጠኚ የሚቀርብለት ሳህን የማን ጎድሎ እንደመጣ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ በማንም ቤት ላልበላ ወሰንኩ።"

ልጅቷ ግን ነገሩን አልለቀቀችም።

"የእኔ ዓሣ አልጎደለም" አለች። "እኛ ያልተሸጠ ዓሣ ነው የሞላን። ሰዉ እርስዎን እያየ እናቴን ገዳይ አድርጓታል። ቤታችን አይብሉ፣ እሺ። ገበያ ላይ ይብሉ፣ ሁሉም እያየ።"

ወንድሜ ያን ዕለት ራት አልበሉም። ምን ሆነሃል ብላቸው "ዝም ብዬ መኖሬ ሰው ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር" አሉኝ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወንድሜ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ከወይዘሮ አክፔኔ አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ኬንኬ ከዓሣ ጋር አዘዙ። እኔ ቲማቲም የምመርጥ መስዬ ከአግዳሚው አጠገብ ቆሜ ነበር። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየ። አንዱ ለጓደኛው "ገና ነው፣ እስከ ማታ ጠብቅ" ሲል ሰምቻለሁ። ወንድሜ ቀስ ብለው በሉ፣ አጥንቱን አስተካክለው ደረደሩ። አቶ ዲዮኒሲየስ ተጠግተው ፊታቸውን መረመሯቸው።

"ደህና ነህ ግን?"

"አልገባኝም" አሉ ወንድሜ ሳህኑን እያስጠጉ፤ "ወይዘሮ አክፔኔ፣ አንድ ይጨምሩልኝ።"

በየገበያው ቀን እንዲሁ አደረጉ። መጀመሪያ ሰዉ የሚመጣው ይወድቁ እንደሆነ ሊያይ ነበር። ሊያይ የመጣ ሰው ደግሞ ሽታው እየጠራው ቁጭ ይላል። ዝናቡ ሳይገባ አግዳሚው ቦታ የማይገኝበት ሆነ፤ ኤቶርናምም በትምህርቷ ቀጠለች።

ጥርጣሬ በእኔ በኩል የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በማንም ቤት የማይበላ ሰው ከአንዲት ሴት እጅ ብቻ ሲበላ ምን ትላላችሁ? መድኃኒት ያዞረችበት መሰለኝ። ድስቷን ከፍቼ አሽትቻለሁ፣ ቅመሟን አገላብጫለሁ። "ኤፎ፣ ምን አብልታህ ነው?" ብዬ ወንድሜን ጠየቅኋቸው። "ኬንኬ" አሉኝ። ወንድሜና ወይዘሮ አክፔኔ በ1986 በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጃቸው ያይራ ተወለደ። ኤቶርናምንም እንደ ልጃቸው አሳደጓት፤ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህርት ናት፣ ተማሪዎቿም "አልገባኝም ስትል እያሾፈችብን ነው" ብለው ይጠረጥሯታል።

በ2017 መጨረሻ ወንድሜ ሆዳቸውን ታመሙ። ሆድ የሚለው ቃል ገና ከቤት ሳይወጣ ያ የጥንቱ ወሬ ከተቀበረበት ተነሣ፤ የመጀመሪያውም ባል ሆዱን፣ ሁለተኛውም ሆዱን። ሐኪሙ ዕጢ ነው አለ። እኔ አላመንኩትም። ሌላ ከተማ ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው፤ እሱም ያንኑ አለ። እንደዚያም ሆኖ አላረፍኩም። ልብሴን ይዤ ቤታቸው ገባሁና አልጋቸው ሥር ከረምኩ። ወይዘሮ አክፔኔ የሚሠሩትን ገንፎ ሁሉ ከወንድሜ በፊት እኔ እቀምስ ነበር። ለምን እንደምቀምስ አውቀውታል። አንድም ቀን አልተቆጡኝም፤ ይልቅ ሁለተኛ ማንኪያ ያቀርቡልኝ ጀመር። ከዚያ ማሰሮ በልቼ ሦስት ኪሎ ጨምሬያለሁ። ሕመሙ ከምግቡ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የሕይወት ታሪክ የሚያነብ ሌላ ሰው በተፈለገ ነበር።

መምህር ኮርኔሊየስ ዶጂ አሜኑቮር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018፣ በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አክፔኔን፣ ልጆቻቸውን ኤቶርናምንና ያይራን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እህታቸውን እኔንና በሁለት ከተማ የተበተኑ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

አሁን የሚመጣውን ከወረቀቱ ማንም እንዳያስወጣው ብዬ ጽሑፉን ማተሚያ ቤት የወሰድኩት ራሴ ነኝ። ለቀብሩ ስንመክር የቤተሰባችን አለቃ፣ የሆሆዌው አጎታችን ልጅ ኤፎ ዊንፍሬድ፣ ለእንግዳ የሚቀርበው ምግብ ከሌላ ከተማ ተገዝቶ ይምጣ አሉ። ባልዋን የምትቀብር ሴት ድስት አትነካም፤ ሥርዓት ነው አሉ። ኤፎ ዊንፍሬድ፣ እኔ አልገባኝም፤ ያስረዱኝ። አምና ታላቅ ወንድምዎ ሲሞቱ ባለቤታቸው ሲያበስሉ ውለው እርስዎም ጨምሩልኝ ሲሉ አልነበረም? ያኔ ሥርዓቱ የት ሄዶ ነበር? ሆሆዌ በነበረው ጠረጴዛ የእርስዎ ዓሣ እንዳልጎደለ አውቃለሁ። ዛሬ ደግሞ የወንድሜን ሚስት ክብር አያጉድሉባቸው።

ከሌላ ከተማ የመጣውን ድስት ማን እንዳበሰለው አላውቅም። የማላውቀው ሰው ያበሰለውን ደግሞ አልበላም። ከግቢው በስተግራ፣ ከዛፉ ሥር፣ የወይዘሮ አክፔኔን አግዳሚ ከገበያ አስመጥቼዋለሁ። ኬንኬውን ያቦኩት፣ የጠቀለሉት፣ ዓሣውንም የጠበሱት እሳቸው ናቸው። ከመቃብር ስንመለስ ወንድሜ ይቀመጡበት በነበረው ጫፍ እቀመጥና፣ ሁላችሁም እያያችሁ፣ ከወይዘሮ አክፔኔ ጋር ከአንድ ሳህን እበላለሁ። ዛሬ አልቀምስም፤ እበላለሁ። የቀረው አግዳሚ ለእናንተ ነው።

ፈጣሪ የወንድሜን ነፍስ የማንም ድርሻ ለሌላው በማይቀነስበት ገበታ ያስቀምጥልን። ያልገባቸው ነገር ካለም እዚያ የሚያስረዳቸው አያጡም። አሜን።