ለካቺዋይቆ የጨው ኩሬዎች ስለተሰጠው ዘጠና አንድ ነጥብ

ለክቡር ዶክተር አውሬሊዮ ቪልካ፣
የአውራጃው የሥነ ምድር ቅርሶች ምዘናና ማስተዋወቂያ ቢሮ ኃላፊ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎስ? አምና ወደ ካቺዋይቆ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሁለት ጊዜ ስለተንሸራተቱ መንደሩ ሁሉ እስከ ዛሬ ያስብልዎታል። እኔ ዲዮኒሲያ ዋርካ የተባልሁ፣ ከእናቴ የወረስኋቸውን አራት የጨው ኩሬዎች ሠላሳ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሴት ነኝ። ልጄን ኔሊዳን ላወርሳት ነበር። ስለዋሉልን ውለታ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ከጨዋማው ምንጭ ሥር በእርከን የተደረደሩትን ኩሬዎቻችንን አይተው ከመቶ ዘጠና አንድ ነጥብ ስለሰጡን እናመሰግናለን። ያን ሰሞን የበቆሎ ቺቻ ጠምቀን ጨፍረናል። ዘጠኙ ነጥብ የጎደለው «በሰው ንክኪ» ምክንያት መሆኑን የሰማነው ከጭፈራው በኋላ ነው። ሰው የተባልነው እኛ ነን።

ሁለተኛ፣ ቅርሱን ከእኛ ለማዳን ዙሪያውን በሽቦ ስላጠሩት እናመሰግናለን። በከተማው አደባባይ ያሰቀሉት ማስታወቂያም «ተፈጥሮ ብቻዋን የሠራችው ነጭ ደረጃ» ስለሚል፣ አላፊ አግዳሚው ተፈጥሮን አድንቋል። እርግጥ ነው፣ ተፈጥሮ በየሦስት ቀኑ ቦዩን ከፍታ ውሃ ታስገባለች፤ የኩሬውን ወለል በባዶ እግሯ እየረገጠች ታጠብቃለች፤ ግድቡ ሲናድም ጭቃ ተሸክማ ትጠግናለች። ለካ እኛ ይህን ሁሉ ዘመን ስናደናቅፋት ኖረናል!

ሦስተኛ፣ ለጥበቃው ባዕድ ሰው ሳያመጡ የጎረቤቴን የዶን ሳቱርኒኖን የእህት ልጅ ኤልመርን፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ስለቀጠሩልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ዶን ሳቱርኒኖ በሰባ አንድ ዓመታቸው አካፋ ይዘው በሽቦው ሥር ሲሾልኩ የያዛቸው እሱ ነው። «አጎቴ፣ በፈጠረዎት ይመለሱ! ከእንጀራዬ ሊያፈናቅሉኝ ነው?» አላቸው። እሳቸውም «አንተ ሞኝ፣ ወለሉ ውሃ ካላየ በወሩ ይሰነጠቃል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ እኔን እንደያዝከኝ ግድቡን ያዘው!» ብለውት ተመለሱ። ኤልመር አልቅሷል። አካፋውን ግን በደንቡ መሠረት መዝግቦ ወስዶታል።

በጃንዋሪ ዝናቡ ገባ። ከመንደሩ መቶ አርባ ኩሬዎች ዘጠናው ተናዱ፤ የእኔ አራቱም የሉም። እናቴ በእጇ የደለደለችው ግድብ ጭቃ ሆኖ ሲወርድ ከሽቦው ወዲህ ቆሜ አየሁት። አምስት ማመልከቻ ጻፍን፤ የአምስቱም መልስ «ተፈጥሯዊ ሂደት ስለሆነ ጣልቃ አይገባም» የሚል ነበር። ኔሊዳም «እማዬ፣ ተይው በቃ! ድንጋይ ይሰማል እንጂ እነሱ አይሰሙም» ብላ በወርቅ ቁፋሮው ሰፈር ልብስ ልታጥብ ወረደች። አላስቀረኋትም። ምን አለኝ ብዬ ላስቀራት?

አራተኛ፣ በዳግም ምዘናው ቦታው ቡናማ ሆኖ ስለተገኘ ወደ ሃያ ሁለት ነጥብ አውርደው ከዝርዝሩ ስለሰረዙን፣ ምክንያቱንም «የነዋሪው የእንክብካቤ ጉድለት» ብለው ስለጻፉልን ቃላት ያጥሩናል። ሽቦው ይነሳልን ብዬ አልለምንም። ቢነሳም ወለሉን መልሶ ማጥበቅ ዓመታት ይፈጃል፤ ጉልበት ያለውም ሰው ሄዷል።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ከፍ ያለ ሹመት እየተመኘሁ፣ ከጭቃው ዳር ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ዲዮኒሲያ ዋርካ
የቀድሞ ጨው ሠሪ

ሳልጠቅሰው የቀረ፦ የሚመራው ሰው ያጣው የምንጩ ውሃ ቁልቁል ፈሶ የዶን ሳቱርኒኖ ድንች ማሳ ላይ ተኝቷል። ድንቹ ደርቆ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኗል። እሳቸውም ካዩት ጀምሮ ከአልጋ አልተነሱም። መዛኞችዎን ቶሎ ይላኩልን፤ በዚህኛው ማንም እጁን አላስገባም።